የጤና ሥራ በአዲስ አበባ ዙሪያ ወረዳዎች፦ ጥያቄና መልስ

ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሆለታና ከሰበታ አካባቢ የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። በሪፖርት የቀበሌያችን የክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ነው። ቤት ለቤት ስዞር ግን ያልተከተቡ ልጆች አገኛለሁ። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ በዓይንሽ ያየሽውን እመኚ። ስህተቱ አካፋዩ ላይ፣ ማለትም ሽፋኑ የሚሰላበት የሕዝብ ቁጥር ላይ ነው። የዕቅዱ የሕዝብ ቁጥር የተነሣው ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሲሆን፣ በየዓመቱ የዕድገት ምጣኔ እየተጨመረበት የመጣ ነው። ያኔ የጤፍና የገብስ ማሳ የነበረው ቦታ ዛሬ የኪራይ ቤት ሞልቶበታል፤ ምጣኔው ይህን አያውቅም። ቀበሌው በወረቀት 6,000 ሕዝብ ካለው፣ ዓመት የሚሞላቸው ሕፃናት 3 በመቶ ተብለው ቢሰሉ በዓመት 180፣ በወር 15 ይሆናሉ። በእውነት የሚኖረው 10,000 ከሆነ ግን በወር 25 ልጆች አሉ። በወር 18 ብትከትቢ ሪፖርቱ 120 በመቶ ይላል፤ ሰባት ልጆች ግን ቀርተዋል።

መፍትሔው ራስሽ መቁጠር ነው። ቀበሌውን በጎጥ ከፋፍለሽ ንድፍ ሥሪ፤ የቤተሰብ ማህደር (ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የምትይዢው የጤና መዝገብ) የሌላቸውን ግቢዎች ምልክት አድርጊባቸው። አንድ ግቢ ውስጥ ስድስትና ሰባት ተከራይ ሊኖር ስለሚችል በር ሳይሆን ምድጃ ቁጠሪ። ማን እንደገባና እንደወጣ በደንብ የሚያውቁት የቤት ደላሎች፣ የሕንፃ ግንባታ ዘበኞችና የዕድር ጸሐፊዎች ናቸው። የቆጠርሽውን ከወረዳው ቁጥር ጎን አስቀምጠሽ በጽሑፍ አቅርቢ። ሽፋኑ በወረቀት ዝቅ ይላል፤ ኃላፊዎችም ላይወዱት ይችላሉ። ግን የክትባት፣ የመርፌና የበጀት ድልድል የሚመጣው በዚያ ቁጥር ስለሆነ፣ ተሸፋፍኖ ከቀረ በየሩብ ዓመቱ የሚያልቅብሽ አንቺ ነሽ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ደግሞ ፔንታ 3 (አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባት ሦስተኛ ዙር) የወሰዱት ፔንታ 1 (የመጀመሪያውን ዙር) ከወሰዱት በለጡ። የመዝገብ ስህተት ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ መዝገቡንና የድምር ወረቀቱን አስተያዩ። ከተስማሙ ስህተት ላይሆን ይችላል፤ ልጆቹ የመጀመሪያውን ዙር ከተማ ውስጥ ወስደው እናንተ ጋ እየጨረሱ ይሆናል። ስለዚህ ክትባት ጀምሮ ማቋረጥን በድምር ብቻ አትለኩ። በአማካይ ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ሳለ አንዱ ጎጥ ውስጥ ግማሹ ያቋረጠበት አጋጣሚ ይኖራል። የእያንዳንዱን ልጅ ካርድ ቀሪ በቀጠሮው ወር ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ ልጁ ሲከተብ ካርዱ ከዚያ ይነሣል። ወሩ ሲያልቅ ሣጥኑ ውስጥ የቀረው ካርድ ሁሉ የሚፈለግ ልጅ ነው። የእናትየውን ብቻ ሳይሆን የአከራዩንም ስልክ መዝግቡ። እናቶች ፋብሪካና አበባ እርሻ በሚውሉበት ሰፈር የሥራ ቀን ረፋድ ላይ መከተብ ትርፉ ትንሽ ነው፤ እሁድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፍሪጁ ከዜሮ በታች ወርዶ ተገኘ። ክትባቱን እንጣለው?

መልስ፦ ሁሉንም አትጣሉ። የአፍ ፖሊዮ፣ የኩፍኝና የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ) ክትባት በቅዝቃዜ አይበላሽም፤ ሙቀት ነው ጠላቱ። ፔንታ፣ የሳንባ ምች ክትባት፣ በመርፌ የሚሰጠው ፖሊዮና የቴታነስ ክትባት ግን ከረጉ አለቀላቸው። በረዶ ሆኖ የተገኘ ብልቃጥ ያለ ምርመራ ይወገዳል። ለተጠረጠረ ፔንታ ወይም ቴታነስ የመናጥ ሙከራ አድርጉ፦ ከዚያው ፋብሪካና ከዚያው ባች (የምርት ዙር) አንድ ብልቃጥ ሆን ብላችሁ አርግታችሁ አሟሙት፤ ከተጠረጠረው ጋር አንድ ላይ ይዛችሁ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ናጡና ጎን ለጎን አቁሟቸው። የተጠረጠረው እንደ ረጋው ወይም ከእሱ ፈጥኖ ከዘቀጠ ይወገድ። ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው የሙቀት ምልክት ደህና መሆኑ እዚህ አይጠቅምም፤ ያ ምልክት መርጋትን አይናገርም።

በብዛት የሚያረጋው ግን ፍሪጁ ሳይሆን አይስ ፓኩ (ለማቀዝቀዣ የሚረጋው የውኃ ፓኮ) ነው። ከፍሪዘር እንደወጣ ካሪየር (የክትባት መያዣ ሣጥን) ውስጥ ከገባ የነካውን ፔንታ ያረጋዋል። ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ እስኪንቦጫቦጭ ድረስ ውጭ ይቆይ። የፍሪጁን ሙቀት ጠዋትና ማታ፣ ቅዳሜና እሁድንም ጨምሮ መዝግቡ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚፈለገው።

ጥያቄ፦ የጤና ጣቢያ ፋርማሲ ነው የምሠራው። በየሁለት ወሩ መድኃኒት እንዲላክልን እንጠይቃለን፤ አሞክሳሲሊን ግን ሁሌ ያልቃል።

መልስ፦ መድኃኒት ያለቀባቸውን ቀናት ሳታርም እየጠየቅህ ሊሆን ይችላል። በ60 ቀን 400 ስትሪፕ ወጥቶ 20 ቀን ባዶ ከነበራችሁ፣ 400ው የ40 ቀን ፍጆታ ነው፤ 400 ሲባዛ በ60 ሲካፈል ለ40፣ 600 ይመጣል። ይህ የሁለት ወር ፍጆታ ነው፤ መያዝ የሚቻለው ክምችት ጣራው የአራት ወር ስለሆነ 1,200፤ በእጅህ 100 ካለ 1,100 ጠይቅ። ሳታርም ብትልከው 700 ብቻ ትጠይቅና እጥረቱ ዙር በዙር ይቀጥላል። ሁለት ሳምንት ብቻ የሚያቆይ ሲቀር መደበኛውን ቀን አትጠብቅ፤ የድንገተኛ ጥያቄ ላክ።

ጥያቄ፦ ከጎርፍ በኋላ የሰፈር ጉድጓድ እንዴት ይታከማል?

መልስ፦ የውኃውን መጠን አስሉ። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 2 ሜትር ከሆነ 2.3 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ 70 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት 70 ግራም ይበቃል፤ በድምሩ 160 ግራም። በባልዲ ውኃ በጥብጡና ዝቃጩን ትታችሁ ጥሩውን ጨምሩ፤ 12 ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ የክሎሪን ሽታው እስኪጠፋ ቀድታችሁ ድፉት። ዱቄቱን የአፍና የአፍንጫ ሽፋንና ጓንት ሳታደርጉ አትንኩ። ሽንት ቤት ከጉድጓዱ በላይ በኩል ከ30 ሜትር በታች ርቀት ካለ ግን ይህ ሁሉ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚረዳው።

ጥያቄ፦ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ልጅ መጣ። ኩፍኝ መሆኑ እስኪረጋገጥ ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቂ። ከሽፍታው ጋር ሳል፣ ንፍጥ ወይም የዓይን መቅላት ካለ ተጠርጣሪ ነው፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለበላይ አሳውቂ። ከሌሎች ታካሚዎች ለይተሽ አስቀምጪው። ደም ይወሰድ፤ ቫይታሚን ኤ ዛሬና ነገ ይሰጠው፦ ከ6 ወር በታች 50,000፣ ከ6 እስከ 11 ወር 100,000፣ ከዚያ በላይ 200,000 ዩኒት። ባለፉት ሦስት ሳምንታት የት እንደነበረም ጠይቂ፤ እኛ አካባቢ መልሱ ብዙ ጊዜ ሌላ ወረዳ ነው፤ ያንን ወረዳ በስልክ መንገር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ነዋሪ ነኝ። ልጄን የመንደር ውሻ ነከሰው፤ ቁስሉ ትንሽ ነው።

መልስ፦ ትንሽነቱ አያዘናጋዎት። አሁኑኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ ቅቤም ቅጠልም አይቀቡት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ክትባቱ የሚጀመረው ዛሬ ነው። ውሻው ከታወቀ አስረው 10 ቀን ይከታተሉት፤ ክትባቱን ግን ለዚያ ብለው አያዘግዩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።