እንጉዳይ ለጀመራችሁ ልጆች፦ ውኃ ከመጨመራችሁ በፊት በሩን ክፈቱት

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ? ይህን የምጽፈው በጓሮ ክፍል፣ በድሮ ማዕድ ቤት ወይም በላስቲክ በተከለለች ጥግ ኦይስተር እንጉዳይ ማምረት ለጀመራችሁ ነው። ዕድሜዬን ከእንጉዳይ ጋር ነው ያሳለፍኩት። መጀመሪያ ዘር በማዘጋጀት፣ ኋላም ከአንዱ አብቃይ ቤት ወደ ሌላው እየዞርኩ በማየትና በመምከር። የሚቀርብልኝ ጥያቄ ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «እንጉዳዩ ወጥቶ ነበር፣ ግን እግሩ ዝም ብሎ ይረዝማል፣ ቆቡ ደግሞ ጥፍር አክሎ ቀረ፣ ውኃ ልጨምርበት እንዴ?»

አትጨምሩ። የጎደለው አየር ነው።

እንጉዳይ እንደ ጎመንና ቲማቲም ከፀሐይ ምግብ አይሠራም። ኦክስጅን ያስገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ውጭ ባለው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 420 እጅ ገደማ ነው። ኦይስተር ቆቡን በደንብ እንዲዘረጋ ይህ ቁጥር ከ1,000 ባይበልጥ ይመረጣል። እንጉዳዩ የሚበቅልባቸው ከረጢቶች የሞሉባት፣ እርጥበት እንዳይወጣባት ብላችሁ ዙሪያዋን በላስቲክ የጠቀለላችኋት ክፍል ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይህን ታልፋለች። ያኔ እግሩ ይረዝማል፣ ቆቡ ይቀጭጫል። ጨለማም ተመሳሳይ ነገር ያመጣል፤ ስለዚህ ጋዜጣ ለማንበብ የሚበቃ ብርሃን ይኑራት። ብርሃን እያለ እግሩ ከረዘመ ግን ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

ይህ የምላችሁ ፍሬ፣ ማለትም የምንለቅመው እንጉዳይ፣ ስለሚወጣበት ክፍል ነው። ዘሩ ተዘርቶ ነጩ ክር ከረጢቱን እየወረሰ ባለበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነገሩ የተለየ ነው። በዚያ ጊዜ የታፈነ አየር ያን ያህል አይጎዳውም። ጨለማና ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ይበቃዋል። ከረጢቶቹን ግን አትደራርቧቸው፤ የከረጢቱ ውስጥ ከክፍሉ ይልቅ ይሞቃልና። ከቻላችሁ ሁለቱን ሥራ በሁለት ክፍል ለዩት። ካልቻላችሁም በመጋረጃ ላስቲክ ክፈሉት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ፍሬ የሚወጣበት ክፍል ከ85 እስከ 95 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። አየር ስታስገቡ እርጥበቱ ይወጣል። እርጥበቱን ለመያዝ ስትዘጉ ደግሞ አየሩ ይበላሻል። ሥራው በሙሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ነው፣ ብዙዎቻችሁም ተስፋ የምትቆርጡት እዚህ ጋ ነው። ቁጥሩን ካወቃችሁት ግን ያን ያህል አያስፈራም።

የኅዳርን የአዲስ አበባ ሌሊት ውሰዱ። ውጭ 10 ዲግሪ ነው እንበል፣ እርጥበቱም 60 በመቶ። ይህ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የያዘው ውኃ 5.6 ግራም ገደማ ነው። ገብቶ 18 ዲግሪ ሲሞቅ ውኃው ያው 5.6 ግራም ነው፤ ሞቃት አየር ግን ብዙ ውኃ መሸከም ስለሚችል መለኪያችሁ ላይ የሚታየው 36 በመቶ ገደማ ይሆናል። ውጭ ብርድና ጭጋግ አይታችሁ «አየሩ እርጥብ ነው» ብላችሁ የምታስገቡት አየር ክፍሉን የሚያደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። 3 በ4 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ያላት ክፍል 30 ሜትር ኩብ ትይዛለች። የክፍሉን አየር አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ስትቀይሩ እርጥበቱን ወደ 90 ለመመለስ ሩብ ሊትር ገደማ ውኃ በትነት መግባት አለበት። ይኸው ነው ዋጋው፣ ሩብ ሊትር። ይህን ለመቆጠብ ብሎ ምርቱን ማፈን አያዋጣም።

ኪሳችሁን የሚነካ ነገርም አለ። እኛ አገር እንጉዳይ የሚፈለገው በጾም ነው። የነቢያት ጾምና ሁዳዴ ሁለቱም በአብዛኛው የሚውሉት በበጋ ነው፣ ቀኑ ደረቅ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቱ ደግሞ ብርዳም በሆነበት። ገዢ በሚበዛበት ወቅት ክፍላችሁ ከሁሉ ይልቅ ውኃ ይጠማዋል። ስለዚህ በክረምት ጀምራችሁ «ሥራው ቀላል ነው» ያላችሁ ልጆች፣ ጥቅምት ሲገባ አሠራራችሁን ቀይሩ። የፍልሰታ ጾም በነሐሴ ስለሆነ ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ያኔ መርጨቱን በጣም ቀንሱና አየሩን አብዙ።

ስትረጩ ግድግዳውንና ወለሉን እንጂ እንጉዳዩን አታጥቡት። ወለሉ ላይ አሸዋ ወይም ጠጠር ካለ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጆንያ ከተሰቀለ ውኃውን ይዘው ቀስ እያሉ ይለቁታል፣ ይህ ቀኑን ሙሉ መርጫ ይዞ ከመሮጥ ይሻላል። ደቃቅ ጉም የሚሠራ መርጫ ካላችሁ ቆቡ ላይ ትንሽ ቢያርፍ ችግር የለውም፣ ግን በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ መድረቅ አለበት። ቆቡ እንደረጠበ ካደረ ቢጫና ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣበታል፣ ይሙለጨለጫል፣ ይሸታል። ይህ ፕሲዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ሥራ ነው፣ መድኃኒቱም አየር ማንቀሳቀስና ማታ አለመርጨት ነው። ማታ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ አየሩ የያዘውን ውኃ ራሱ ይጥለዋልና እናንተ አትጨምሩበት። የቆቡ ጠርዝ ሲሰነጠቅና ሲደርቅ ደግሞ በተቃራኒው ውኃ አንሷል ማለት ነው። አረንጓዴ ሻጋታ የያዘውን ከረጢት ሳትነካኩ፣ ሳትከፍቱ፣ ቶሎ ከክፍሉ አውጡት።

የእርጥበት መለኪያ ከገበያ ስትገዙ የሚያሳየውን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትመኑት። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጉ፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ብቻ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምሩ፣ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ዕቃ ዘግታችሁ አሳድሩት። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 68 ካለ ሁልጊዜ 7 ደምሩበት። መለኪያ የሚገዛ ገንዘብ ከሌለ ሁለት ተራ ቴርሞሜትር ይበቃል። የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሉና አራግቡለት። በ18 ዲግሪ አካባቢ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1 ዲግሪ ከሆነ እርጥበቱ 90 በመቶ አካባቢ ነው፣ 2 ከሆነ 82 አካባቢ፣ 3 ከሆነ ደግሞ ወደ 73 ወርዷል፤ ወለሉን አርጥቡ።

ለአየሩ፣ በአንደኛው ግድግዳ ከታች፣ በትይዩው ግድግዳ ከላይ ቀዳዳ ክፈቱ። ሁለቱንም በደቃቅ ወንፊት ሸፍኑ፣ ዝንብ ከገባ ከረጢቱ ውስጥ ይፈለፈላል። ክፍሉ በደንብ የተሞላ ከሆነ አየሩ በሰዓት 4 ጊዜ ያህል ቢቀየር ጥሩ ነው። ከላይ ላልኳት ክፍል ይህ 120 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ተራው የመታጠቢያ ቤት አየር ማውጫ ፋን በሰዓት 100 ገደማ ያወጣል፣ ከቀዳዳዎቹ ጋር ተደምሮ ይበቃችኋል። ፋኑ እንጉዳዩ ላይ በቀጥታ አይንፈስ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሩን ከፍታችሁ እርጥብ መጋረጃ ስቀሉበት። በፋን ብቻ የሚተነፍስ ክፍል አትሥሩ።

አሁን ከምርቱ ይልቅ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። አንዳንዶቻችሁ ቤት ኪራይ ስለከበደ ከእንጉዳዩ ጋር በአንድ ክፍል ትተኛላችሁ። እባካችሁ ተዉት። ኦይስተር ሲጎለምስ በዓይን እንደ ነጭ አቧራ የሚታይ እጅግ ብዙ ስፖር፣ ማለትም የሚራባበት ብናኝ፣ ይለቃል። ይህን በየቀኑ የሚተነፍስ ሰው ሳንባው ሊቆጣ ይችላል። ከሥራ በኋላ ማታ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ይጀምረዋል፣ ጉንፋን ነው ብሎም ያልፈዋል። ነገሩ እየተደጋገመ ከቀጠለ ጠባሳው የማይመለስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት ስሜት ካላችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ እንጉዳይ እንደምታመርቱም ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። የቆቡ ጠርዝ ወደ ታች እንደታጠፈ፣ ሳይዘረጋ ልቀሙት፤ ስፖሩም ያንሳል፣ ገበያ ላይም ቶሎ አይሰባበርም። ስትለቅሙ አፍና አፍንጫ ላይ በደንብ የሚገጥም ማስክ አድርጉ።

የኅዳር ብርድ በረታ ብላችሁም ከሰል አቀጣጥላችሁ ወደ ክፍሉ አታስገቡ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ሌሊቱ ቢቀዘቅዝ ኦይስተር ፍሬው ይዘገያል እንጂ አይሞትም፤ ጠብቁት።

ያላችሁ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ እናንተ ውስጥ ተኙ፣ እንጉዳዩን ወደ ጓሮ አውጡት። በባሕር ዛፍ እንጨትና በላስቲክ የተሠራ 2 በ3 ሜትር ዳስ ለመጀመር ይበቃል። ፀሐይ ላስቲኩን እንዳያግለው ጣራው ላይ ሣር ወይም ሰሌን ጣሉበት፣ በሩን ንፋስ ወደማይመታው ወገን አዙሩት፣ ወለሉን አሸዋ አልብሱት፣ ከታችና ከላይ ቀዳዳውን ከፍታችሁ ከመቶ ባነሱ ከረጢቶች ጀምሩ።