መልስ፦ ፌስታል ከቤት እንዴት ይቀነስ?

አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ሆነሽ «ፌስታሉ ቤቱን ሞላው፣ ከየት ልጀምር?» ላልሽው እህቴ፣ ከእንጀራው ጀምሪ። እንጀራ በየቀኑ ከሱቅ የሚገዛ ቤት በየቀኑ ፌስታል ይሰበስባል። ሰፋ ያለ ትሪና ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ይዘሽ ሂጂ። ባለሱቋ መጀመሪያ ትስቅ ይሆናል፣ ኋላ ትለምደዋለች። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ ቶሎም ይሻግታል። በጨርቅ ግን እንፋሎቱ ይወጣል።

ለአትክልት ዘንቢል ይበቃል። ሽንኩርትና ድንች ለየብቻ አይቋጠሩም፣ ቲማቲሙን ብቻ ከላይ አድርጊው።

ትኩስ ሽሮ በፌስታል ማስቋጠር ግን ዛሬውኑ ይቅር! ሙቀትና ቅባት ሲገናኙ የፕላስቲኩ ኬሚካል ወደ ምግቡ ይገባል። ሳህን ወይም ሰርቪስ ይዞ መሄድ ምን ነውር አለው?

በነገራችን ላይ፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ፌስታል የማምረቻም የማስገቢያም ፈቃድ እንዳይሰጥ በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 513 ከልክሎ ነበር። ሱቁ ሁሉ ግን እንደምታይው ነው።

ጀሪካኑን ተይው፣ ውሃ በፈረቃ እየመጣ እሱን መቀነስ አይታሰብም። ባዶውን ሃይላንድ ደግሞ ከቆሻሻው ጋር አትደባልቂው፣ ለብቻው አጠራቅመሽ ለቆራሌው ስጪው።