አይብ ለመሥራት የትኛው ወተት ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ለበርካታ ዓመታት በቤቴ ውስጥ አይብም የፈረንጅ ቺዝም ስሠራ ቆይቻለሁ። ስለ ወተት መረጣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ላም ካላቸው ጎረቤቶቼ ጥሬ ወተት እየገዛሁ፣ አፍልቼና አቀዝቅዤ፣ ሬኔት በሚባለው የወተት ማርጊያ ኢንዛይም ሞዛሬላ ቺዝ ልሠራ ብሞክር አልረጋ አለኝ። ውሃ ቀላቅለውበት ይሆን?

መልስ፦ ጎረቤቶችዎን ከመጠርጠርዎ በፊት ማፍላቱን ይጠርጥሩ። ወተት ሲፈላ፣ አይብ ስንሠራ ከአጓቱ ጋር የሚወጡት ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ለውጠው ኬዚን በሚባለው ዋናው የአይብ ፕሮቲን ላይ ይለጠፋሉ፤ ሬኔት ደግሞ ወተት የሚያረጋው የኬዚኑን ላይኛ ገጽ በመቁረጥ ስለሆነ፣ የሚቆርጠው ቦታ ተሸፍኖ ይጠብቀዋል። ይህን ስል ጥሬውን ይጠቀሙ ማለቴ አይደለም፤ ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። የሚሻለው ወተቱን 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርሶ፣ እያማሰሉ በዚያው ሙቀት 30 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ቶሎ ማብረድ ነው። ለዚህ ቴርሞሜትር የግድ ያስፈልጋል፤ «ሙቀቱን በጣቴ አውቀዋለሁ» የምንል ሰዎች ብዙ ወተት ደፍተናል።

አዲስ ወተት በገዙ ቁጥር አስቀድመው ግማሽ ሊትሩን ብቻ ይሞክሩ። ወደ 32 ዲግሪ አሙቀው በቀዝቃዛ ውሃ የተበረዘ ሬኔት ይጨምሩበትና ሳይነኩት ያቆዩት፤ ከ45 ደቂቃ በኋላ ቢላ ሲያስገቡበት ጥርት ብሎ ከተሰነጠቀና በስንጥቁ ውስጥ የጠራ አጓት ከታየ ወተቱ ይሆናል፤ እንደ ገንፎ ከተለጠፈ አይሆንም። ላሟ ገና የወለደች ከሆነች ደግሞ እንገሩ እስኪያልቅ ቢያንስ አምስት ቀን ይታገሡ፣ እንገር እሳት ሲነካው በራሱ ይረጋልና። የአበሻ ላም ወተት ከፈረንጅ ላም ወተት ይልቅ ቅባት ስላለው፣ ካገኙት አይለፉት። (በሁዳዴ ጾም ወተት ሻጮች ገዢ ስለሚያጡ፣ ለማይጾም ሰው ቺዝ መማሪያ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።)

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። ፍሪጅ ሳይገባ መደርደሪያ ላይ ወራት የሚቆየው የካርቶን ወተት ለአይብ ይሆናል?

መልስ፦ ለሬኔት ቺዝ አይሆንም። ያ ወተት ለጥቂት ሴኮንዶች ከ135 ዲግሪ በላይ የጋለ ስለሆነ ከላይ የተናገርሁት ጉዳት በእጅጉ ደርሶበታል። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለውን፣ ወተት እንዲረጋ የሚያግዝ ጨው መጨመርም አያድነውም፤ እርሱ የሚረዳው በመጠኑ ብቻ ሞቆ ፍሪጅ ውስጥ የሚሸጠውን ወተት ነው፣ ለ4 ሊትር ሩብ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ፈሳሹን በውሃ አቅጥኖ በመጨመር። በእርጎ ወይም በሎሚ ለሚሠራ አይብ ግን የካርቶኑም ወተት ያገለግላል፣ አሲድ የሬኔትን መንገድ አይከተልምና። የሚገኘው አይብ ልል ስለሚሆን በጨርቅ ረዘም ላለ ሰዓት ማጥለል ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ለምንኖር፣ ለክትፎ የሚሆን አይብ ከምን ይሠራ? እናቴ ከአሬራ ነበር የምትሠራው፤ እኔ ግን በሙሉ ወተትና በኮምጣጤ ስሠራው ጣዕሙ ሌላ ይሆንብኛል።

መልስ፦ ሌላ ስለሆነ ነው። በሙሉ ወተትና በኮምጣጤ የሚሠራው የሕንዶች ፓኒር ዘመድ ነው። የእኛ አይብ ግን እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣለት በኋላ ከሚቀረው አሬራ ስለሚገኝ ቅባቱ አነስተኛ ነው፤ ኮምጣጣነቱም ከውጭ የተጨመረ ሳይሆን ወተቱ ራሱ የፈጠረው ነው። በአሜሪካ ሱቆች በተርሚልክ ተብሎ የሚሸጠው ከቅቤ የተረፈ አሬራ ሳይሆን በእርሾ የኮመጠጠ፣ ብዙውን ጊዜ ቅባቱ የተቀነሰ ወተት ቢሆንም፣ ለዚህ ሥራ ከሁሉም ይቀርባል። በለስላሳ እሳት ላይ ጥደው፣ ሳያፈሉ፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት አጓቱ እስኪለይ ይጠብቁ፤ ብዙ አያማስሉት፣ ይደቃል። በወይራ የታጠነውን የእናትዎን ዕቃ ሽታ ግን ከሱቅ አያገኙትም። ሬኔት የሚሞክሩ ከሆነ ደግሞ፣ በአሜሪካ ከፍሪጅ የሚሸጠው ወተት ሁሉ አይሆንም፤ በተለይ ኦርጋኒክ ከሚባሉት ብዙዎቹ «አልትራ ፓስቸራይዝድ» (በጣም ከፍ ባለ ሙቀት የጋሉ) ስለሆኑ ጽሑፉን አንብበው ይለፏቸው።

ጥያቄ፦ የፍየል ወይም የግመል ወተትስ?

መልስ፦ የፍየሉ ይሆናል፤ የሚረጋው ከላም ወተት ይልቅ ልል ስለሆነ ሲቆርጡት ይጠንቀቁ። የግመሉ በተለመደው የጥጃ ሬኔት በደንብ አይረጋም፤ ሬኔቱ የሚቆርጠው የኬዚን ዓይነት በግመል ወተት ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ከግመል ኢንዛይም የተዘጋጀ ሬኔት አለ፤ እርሱን ካላገኙ ወተቱን ይጠጡት።

ጥያቄ፦ ወተቱ ሁለት ቀን ሙሉ ቢቀመጥ እርጎ አልሆን አለኝ። ጥሩ ወተት ስለሆነ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ላሟ ለጡት በሽታ አንቲባዮቲክ ተወግታ እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ ወደ ወተቱ ገብቶ የሚያኮመጥጡትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። የእንስሳት ሐኪሙ ያዘዘው የመቆያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ከዚያች ላም ወተት አይግዙ፤ የገዙትንም አይብ ለመሥራት አይድከሙበት።