ዲ850 ከመግዛትህ በፊት ሌንስህን ፈትን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኒኮን ዲ750 ካሜራ አለህ፤ አንድ ሰው 60,000 ፎቶ የተነሳበት ዲ850 ሊሸጥልህ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ወስን ብሎሃል። አንተ የምትጠይቀው ደግሞ ያሉህ ሁለት ሌንሶች ለ45.7 ሜጋፒክሰል ይበቁ እንደሆነ ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ «ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ብለዋል። እኔም ግዛ ባይ ነኝ፤ ዓይንህን ግን አትጨፍን። እኔ ጨፍኜ ገዝቼ ምን እንደደረሰብኝ ልንገርህ።

1ኛ፦ ለቦዲው (ሌንስ ለሌለበት የካሜራው አካል) ብዙ አትጨነቅ። ሹተሩ (ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) በፋብሪካው ለ200,000 ጊዜ የተፈተነ ስለሆነ 60,000 ገና ጎረምሳ ነው። ቁጥሩን ግን ከሻጩ አፍ አትቀበል። እዚያው አንድ ፎቶ አንሳና ፋይሉን ይዘህ ሂድ፤ የሹተሩ ቆጠራ በፋይሉ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። የዲ750 ባትሪህ ይገባል፤ ኤስዲ ካርድህም በአንደኛው ማስገቢያ ይሠራል። ሌላኛው ማስገቢያ ኤክስኪውዲ ለሚባል ሌላ ዓይነት ካርድ ነው፤ ለእሱ አዲስ ካርድ መግዛት የግድ ነው። እኔ ከአሮጌው ዲ700 ስሸጋገር ባትሪዬም ካርዴም አልገቡልኝም፤ አንተ በዚህ ታድለሃል።

2ኛ፦ ከሁለቱ ሌንሶችህ አንዱ ከድሮው ካሜራህ የተረፈ ዲኤክስ፣ ማለትም ለአነስተኛ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶውን ለሚሠራው ክፍል) የተሠራ ነው ብለሃል። እሱን እርሳው። ዲ850 ላይ ብትገጥመው ካሜራው የሴንሰሩን መሃል ብቻ ቆርጦ ይጠቀምና 19 ሜጋፒክሰል ገደማ ይሰጥሃል። አሁን በእጅህ ያለው ካሜራ በሙሉ ፍሬም (በሙሉው ትልቅ ሴንሰር) 24 ይሰጥሃል። ገንዘብ ከፍሎ ወደ ኋላ መሄድ ማለት ይህ ነው።

3ኛ፦ ሁለተኛው፣ «አሮጌ ነው ግን እስካሁን አላስቸገረኝም» ያልከው 24-70 (ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሚያቀርብ ዙም ሌንስ)። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

የእኔም 24-70 ነበር። በ12 ሜጋፒክሰሉ ዲ700 ላይ ለዓመታት እንጀራ ሆኖኛል፤ አንድም ደንበኛ ቅር ብሎት አያውቅም። ዲ850ን ገዝቼ ሳምንት ሳይሞላ አንድ መሥሪያ ቤት ሰማንያ ሠራተኞቹን በሕንፃው ደረጃ ላይ ደርድሮ አስነሳኝ። ፎቶው ሁለት ሜትር ስፋት ባለው ወረቀት ታትሞ አዳራሽ ውስጥ ሊሰቀል ነው። እንደ ልማዴ ካሜራውን በእጄ ይዤ፣ በ1/60ኛ ሰከንድ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል) 4 ላይ አድርጌ አነሳሁ። በካሜራው ስክሪን ላይ ዓይን የሚማርክ ነበር።

ታትሞ ሲመጣ መሃሉ ደህና ነው፤ በስተግራ ዳር የቆሙት ስድስት ሰባት ሰዎች ግን ጭጋግ ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። ጫፍ ላይ ያለው ሰውዬ ነጠብጣብ ያለው ክራባት አድርጎ ነበር፤ በፎቶው ላይ ግን ክራባቱ አንድ ወጥ ግራጫ ሆኗል። እሱ ደግሞ ክፍያዬን የሚፈርመው ሒሳብ ሹም ሆኖ አረፈው።

በዚያው ሰሞን በቅርበት ባነሳኋቸው ሰዎች ላይ ሌላ ነገር አስተዋልኩ፦ ዓይናቸው ላይ ፎከስ አደርጋለሁ፣ ጠርቶ የሚወጣው ጆሯቸው ነው። ሁለቱን ደመርኩና ፈረድኩ፤ ካሜራው ብልሽት አለበት፣ ሻጩ ሸውዶኛል። አልሸወደኝም ነበር፤ በኋላ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ወደ ጥገና ማዕከል ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ቦዲውን ብቻ አስቀምጥ» አለኝ። ሌንሱንም ልተውልህ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «ሌንስ፣ ማንጠልጠያ፣ ካርድ አንረከብም። ቢጠፋ ኃላፊነት የለብንም።» ቅጽ ሞላሁ፣ የምርመራ ክፍያ ከፈልኩ፣ እንደውልልሃለን ተባልኩ። የደወለ የለም። በየሳምንቱ እኔው እየሄድኩ «ባለሙያው አልገባም» እና «ተራ አልደረሰህም» እየተባልኩ አምስት ሳምንት አለፈ። በዚያ መሃል የመጡልኝን ሥራዎች በተዋስኩት ካሜራ ሠራሁ፤ አንዱን ጨርሶ መለስኩት።

በአምስተኛው ሳምንት ባለሙያው ራሱ ብቅ አለ። ቦዲው በእኛ ሌንስ ተፈትሿል፣ ምንም ጉድለት የለበትም አለና ወረቀት ሰጠኝ። ሌንሴ ላይ ብቻ ነው የሚሳሳተው ብዬ ሳስረዳው፣ በሰው ፊት፣ ጮክ ብሎ፣ «ታዲያ ሌንሱን ለምን አላመጣህም? ካሜራና ሌንስ አብሮ እንደሚስተካከል አታውቅም? ፎቶ አንሺ ነኝ ትላለህ!» አለኝ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ አሁንም ስልኩን እያየ ነበር። የምርመራ ክፍያው አይመለስም።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው። የፎከስ ስሕተት የካሜራውና የሌንሱ የጋራ ጉዳይ ስለሆነ አንዱን ብቻ ይዞ መሄድ ትርጉም የለውም። ምናልባት ለጥገና መስጠት ካለብህ ሁለቱንም አስረክብ፤ አንቀበልም ካሉህ አለመቀበላቸውን በደረሰኙ ላይ ይጻፉልህ። አይጽፉም፤ ይልቅ ሌንሱን ይቀበሉሃል።

ከእልህ ብዛት ያንኑ ማታ ራሴ ሞከርኩ። አምስት የጋዜጣ ገጾች ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ አንዱን መሃል፣ አራቱን በማዕዘኖቹ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሜ፣ ከግድግዳው ጋር ትክክል አድርጌ፣ በራስ ማንሻው ሰዓት አነሳሁ። በቀኝ ማዕዘኖች የጥቃቅን ማስታወቂያዎቹ ፊደል ይነበባል። በግራ ፊደሉ ውሃ እንደነካው ቀለም ተዘርግቷል። ምናልባት አቋቋሜ ተዛብቶ ይሆናል ብዬ ካሜራውን በታጠፈ ፎጣ ላይ ገልብጬ ደገምኩ፤ አሁን በግድግዳው ላይ የፈዘዘው የቀኝ ገጽ ሆነ። ግድግዳውም አቋቋሜም ነጻ ወጡ፤ የቀረው ሌንሱ ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ያ ሌንስ ከእጄ አምልጦ ሦስት ደረጃ ተንከባሎ ነበር። የፊቱ ጠርዝ ተጨምድዶ በጉጠት አቃንቼዋለሁ፤ ውስጥ ያለው መስታወት ከመሃሉ መንሸራተቱን ግን በምን ልወቅ? ዲ700 ፎቶውን በወርድ 4,256 ፒክሰል ላይ ያሰፍረዋል፤ ዲ850 ያንኑ በ8,256 ላይ። በፊት አንድ ፒክሰል ውስጥ የሚደበቅ ጥፋት አሁን ሁለቱ ላይ ይዘረጋል። አሮጌው ካሜራ ገመናዬን ሸፍኖልኝ ኖሯል።

የጆሮው ጉዳይ ሌላ ነበር፤ እሱ በሃያ ደቂቃ ተፈታ። ዲ850 ለእያንዳንዱ ሌንስ ፎከሱን ከ-20 እስከ +20 የማስተካከያ ምርጫ አለው፤ በላይቭ ቪው (ምስሉን በስክሪኑ ላይ እያየህ) በሴንሰሩ ራሱ ካነጣጠርክ ደግሞ ካሜራው መጠኑን ራሱ ለክቶ ያስገባልሃል። የእኔ -12 ላይ ተስተካከለ። ለአምስት ሳምንት የከፈልኩበት ነገር ምናሌው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። (ሚረርለስ የሚባሉት፣ በውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች ፎከሱን ከሴንሰሩ ላይ ስለሚያነቡ ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ «ለምን ዜድ8 (ከእነዚሁ አንዱ የሆነውን ኒኮን) አይገዛም» የሚል ሰው ከመምጣቱ በፊት እኔው ልበለው።)

ሌንሱን ቀየርኩ። ሰማንያዎቹን ሰዎች ያለ ክፍያ ድጋሚ አነሳኋቸው፤ ሰባ ስምንት ነበሩ የመጡት። በዚህኛው ትራይፖድ ተክዬ፣ አፐርቸሩን 8 ላይ አድርጌ። ይበልጥ ይጥራልኝ ብለህ 16 ድረስ እንዳትዘጋው፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናልና በዚህ ሴንሰር ላይ ከ11 ወዲያ መፍዘዙ ይታያል። በእጅህ ስትይዝ ደግሞ የለመድከውን ፍጥነት ቢያንስ እጥፍ አድርገው፤ በ50 ሚሊ ሜትር 1/60ኛ ይበቃኝ የነበረ ሰው ዛሬ ከ1/125ኛ በታች አልወርድም። ፎቶው አሁን አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሏል። የሒሳብ ሹሙ ክራባት ነጠብጣቦች ይቆጠራሉ፤ ራሱ ቀርቦ ሲቆጥር አይቼዋለሁ።

4ኛ፦ ባለ 14 ቢት ራው ፋይሉ (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ) ያለ ብክነት ተጨምቆም ወደ 50 ሜጋባይት ይጠጋል፤ አንድ ሺህ ፎቶ 50 ጊጋባይት ማለት ነው። የኮምፒውተርህን ሃርድ ዲስክ አሁኑኑ ተመልከት።

ስለዚህ ለሻጩ ከመደወልህ በፊት፣ ዛሬ ማታ፣ ያንን 24-70 በዲ750ህ ላይ ገጥመህ የጋዜጣውን ሙከራ ሥራ። አራቱም ማዕዘኖች ተቀራራቢ ከሆኑ ቅዳሜ ሌንሱን ይዘህ ሂድና በሻጩ ካሜራ ላይ ድገመው። አንዱ ወገን ከፈዘዘ ግን መጀመሪያ ሌንስ ግዛ፤ ዲ750ህ ሁለት ወር ቢቆይ አይበላሽም። ሻጩ «ሌሎች ሁለት ሰዎች እየጠበቁኝ ነው» ቢልህ አትደንግጥ፤ የእኔም ሻጭ እንዲሁ ብሎኝ ነበር፣ ይቅርታ ልጠይቀው ስደውል ማንም እንዳልነበረ ነገረኝ።