ቦንዱ የሚያልቅበትን ዓመት ጠይቁ

ልጆቼ፣ እዚህ ሜሪላንድ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ታክስ ስሠራ ኖሬያለሁ። በሰው ገንዘብ በጣም ጠንቃቃ ነኝ። በራሴ ገንዘብ የሠራሁትን ግን ስሙኝ።

2020 ላይ አክሲዮን ሲንኮታኮት ደነገጥኩ። ጡረታዬም ቀርቦ ነበር። አይአርኤ በሚባለው የግል ጡረታ ሒሳቤ ውስጥ ካለኝ ገንዘብ አብዛኛውን የረጅም ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ፈንድ ገዛሁበት። ቦንድ ማለት ለመንግሥት የምታበድሩት ገንዘብ ነው፤ ወለድ ይከፍላችኋል፣ በሚያልቅበት ቀን ዋናውን ይመልሳል። ፈንዱ ደግሞ ብዙ ቦንድ በአንድ ላይ የያዘ ቅርጫት ነው። «የአሜሪካ መንግሥት አይከስር፤ ምን እሆናለሁ?» ብዬ ለጥ ብዬ ተኛሁ። 2022 መጣ። በጁን የዋጋ ግሽበቱ 9.1 በመቶ ገባ፤ ማዕከላዊ ባንኩም ወለድ በላይ በላዩ ይጨምር ጀመር። ዓመቱ ሲያልቅ ከገንዘቤ ሲሶው ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ጭራሽ ደንግጬ ሸጥኩት።

መንግሥቱ አልከሰረም፣ አንድ ሳንቲም ወለድም አላስቀረብኝም። ነገሩ እንዲህ ነው። በእጄ ያለው ቦንድ 1.5 በመቶ ይከፍላል፤ አዲስ የወጣው 4 በመቶ ይከፍላል። ታዲያ የኔን በሙሉ ዋጋው ማን ይገዛኛል? መርከስ አለበት። የሚያልቅበት ዓመት በራቀ ቁጥር ደግሞ የባሰ ይረክሳል። በየፈንዱ መግለጫ ላይ «ዱሬሽን» የሚባል ቁጥር አለ። 18 ከሆነ፣ ወለድ በ1 በመቶ ነጥብ ሲጨምር ዋጋው 18 በመቶ ገደማ ይወርዳል። 2 ከሆነ 2 በመቶ ገደማ። የሒሳብ ሰው ሆኜ ያንን ቁጥር አላየሁትም!

ስለዚህ መጀመሪያ ገንዘቡን መቼ እንደምትፈልጉት ቁጠሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከሆነ የአምስት ዓመት ቦንድ ግዙ። እስኪያልቅ ከያዛችሁት፣ መሃል ላይ ዋጋው ቢዋዥቅም በቀኑ ዋናው ሙሉውን ይመለሳል። ፈንድ ግን እንዲህ ያለ ቀን የለውም። አሮጌውን እየሸጠ አዲስ ይገዛል።

ጡረታ ሒሳብ ውስጥ እኔ የምወደው ቲፕስ የሚባለውን፣ ከዋጋ ግሽበት የሚከላከለውን የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ነው። ዋናው ገንዘብ ከግሽበቱ ጋር አብሮ ያድጋል። ከጡረታ ሒሳብ ውጭ ከያዛችሁት ግን፣ ገና እጃችሁ ላልገባ ጭማሪ በየዓመቱ ታክስ ትከፍላላችሁ። አይአርኤ ውስጥ ይህ ጣጣ የለም።

«አይ ቦንድ» የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የቁጠባ ቦንድ ሌላ ነው። 2022 ላይ 9.62 በመቶ ሲከፍል፣ ቡና በተጠጣበት ሁሉ ወሬው እሱ ነበር። ብዙ ልጆች «አይአርኤዬ ውስጥ አስገባልኝ» እያሉ መጡ። አይገባም። በስማችሁ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ትገዛላችሁ፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው አይነካም፣ ከአምስት ዓመት በፊት ካወጣችሁት የሦስት ወር ወለድ ይቀራል።

አንድ ሌላ ስህተትም በየዓመቱ አያለሁ። የፌዴራል መንግሥት ቦንድ ወለድ የስቴት ታክስ አይከፈልበትም፤ እውነት ነው። አይአርኤ ውስጥ ግን ይህ ጥቅም የለም። ስለዚህ እዚያ ውስጥ የባንክ ሲዲ (የጊዜ ገደብ ያለው ተቀማጭ) የተሻለ ከከፈለ ሲዲውን ግዙ።

ደግሞ መንግሥት ሁሉ አንድ አይደለም። አገራችን በ2014 በ6.625 በመቶ ወለድ የሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ (በውጭ ገበያ በዶላር የተሸጠ ቦንድ)፣ በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈልበት ቀርቷል። የህዳሴውን ግድብ ቦንድ እኔም በደስታ ገዝቻለሁ። ከጡረታዬ ግን አልቆጠርኩትም።

ሃያዎቹ ውስጥ ያላችሁ፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ ቦንድ አያስፈልጋችሁም። ሠላሳና አርባ ዓመት አላችሁ፤ ሰፊውን ድርሻ ለአክሲዮን ፈንድ ተዉት። ይህን ደብዳቤ ስትጎለምሱ አውጡት።

እኔ አሁን ቲፕስ በየዓመቱ ከፋፍዬ ይዣለሁ፤ አንዱ 2027፣ አንዱ 2028፣ አንዱ 2029 ያልቃል። ባለቤቴ ዓመቶቹን ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋቸዋለች። 2029 አጠገብ «ጎንደር» ብላለች።