አፈር ውስጥ የተኛ ዘር፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ዱር አበቦች ዘር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ መልሶቼ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መምህር፣ የዱር አበባ ዘር አፈር ውስጥ ስንት ዓመት ይቆያል?

እንደ ዓይነቱ ነው። አንዳንዱ ዓመት አይሞላውም፤ አንዳንዱ ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል። ዊልያም ቢል የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1879 ሚሺጋን ውስጥ 20 ጠርሙስ ዘር ቀበረ። ተተኪዎቹ በ2021 አንዱን ቆፍረው አወጡ። ብርሃን ዘሩን እንዳይቀሰቅሰው በሌሊት ነበር የቆፈሩት። ከ141 ዓመት በኋላም በቀለ! የበቀለው የኛ የአህያ ጆሮ ዘመድ ነው። ቀጣዩ ጠርሙስ በ2040 ይወጣል።

ብርቅ የሆነ አበባ ዘሩም ቶሎ ይሞታል ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ግን ዘሩ ቶሎ ስለሚሞት ብርቅ የሆነ አለ። የአውሮፓ ስንዴ ማሳ ውስጥ ሁለት አበቦች አብረው ይበቅሉ ነበር፤ ቀዩ ፓፒና ሐምራዊው ኮርንኮክል። የፓፒ ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይተኛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቤልጂየምና የፈረንሳይ መሬት በመድፍና በምሽግ ሲገለባበጥ ቀይ አበባ የለበሰው ለዚህ ነው።

ኮርንኮክል ግን አፈር ላይ አይተማመንም። ከስንዴው ጋር ይታጨዳል፣ ከስንዴው ጋር ጎተራ ይገባል፣ ከስንዴው ጋር ተመልሶ ይዘራል። የኛ እንክርዳድም ኑሮው እንደዚሁ ነው። ዘር ማበጠሪያ ማሽን ሲመጣ ኮርንኮክል መንገዱ ተዘጋበት። አፈር ውስጥ ያስቀመጠው ስንቅ አልነበረውም። እንግሊዝ አገር ከማሳ ጠፋ ማለት ይቻላል። እኔን ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ የገበሬ እጅ ያኖረው አበባ ነበርና።

አቀንጭራ ማሽላችንን ጨረሰው። መሬቱን ሁለት ዓመት ባሳድረው ይለቀኛል?

አይለቅህም ወንድሜ። አቀንጭራ ከማሽላ ሥር ተጣብቆ የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይረጫል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው። እንዲህ ያለ ዘር ፈልግ። የበቀለውን ደግሞ አበባው ፍሬ ሳይዝ ንቀለው።

አደይ አበባስ?

በየዓመቱ ከዘር የሚበቅለው ዓይነት ፍሬውን ያራግፍና በጋውን አፈር ላይ ያሳልፋል፤ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል። ስለዚህ ፍሬ ሳያፈራ ሁሉንም አትቅጠፉት፤ ለከርሞ የሚሆን ተዉለት።

የተመነጠረ ደን ብንከልል ዝግባው ከአፈሩ ይነሳል?

እህቴ፣ ይህን አትጠብቂ። በደጋ ደኖቻችን አፈር ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው። የብዙ አገር በቀል ዛፎች ዘር ወይ ቶሎ ይበቅላል ወይ ይሞታል። እናት ዛፍ አጠገቡ ከሌለ ችግኝ መትከል ግድ ነው።

የጓሮዬ አፈር ምን ዘር እንደያዘ እንዴት ልወቅ?

ከላይ አምስት ሳንቲም ያህል ጥልቀት ካለው አፈር፣ ከአሥር ቦታ ጭልፋ ጭልፋ ውሰድ። ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ በትነው፤ ብርሃን ያግኝ፣ እርጥበቱም አይለየው። የበቀለውን እየለየህ ቁጠርና ንቀል፤ ከዚያ አፈሩን አገላብጠህ ድገም። በሁለተኛው ዙር አዲስ ነገር ብቅ ካለ ፎቶውን ላክልኝ፤ አብረን እንለየዋለን።