መጀመሪያ ዳታውን አውጡ፣ ዲስኩን በኋላ ትመረምሩታላችሁ

ልጆች፣ ይህ ምክር የኮምፒውተር ጥገና ለጀመራችሁ ነው። ሰፈር ውስጥ «ኮምፒውተር ይችላል» ተብላችሁ ጎረቤት ሁሉ ላፕቶፕ ይዞ ለሚመጣባችሁም ይሆናል።

አንድ ሰው መጥቶ «ኮምፒውተሬ ይንቀራፈፋል፤ ፋይል ስከፍት ይደርቃል» ሲላችሁ የብዙዎቻችሁ እጅ የሚሮጠው ወደ ፎርማት ነው። አልፈርድባችሁም። ሱቁ በሰው ተሞልቷል፣ ዊንዶውስ መጫን ደግሞ ለምዳችሁታል። ግን ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ውስጡ ምን አለ? ሌላ ቦታስ ተቀምጧል?» ሰውየው «ምንም የለውም፣ እንደፈለግህ አድርገው» ካለ ተገላገላችሁ። «የሠርጌ ፎቶ አለ» ወይም «የመመረቂያ ጽሑፌ እሱ ላይ ብቻ ነው ያለው» ካለ ግን ሥራችሁ ዲስክ መጠገን መሆኑ ቀረ። ሥራችሁ ያንን ፋይል ማውጣት ነው።

ለምን ቅደም ተከተሉ ላይ እንደምደርቅ ልንገራችሁ። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ሳህን በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። ሄድ የሚባለው ማንበቢያ ደግሞ ከሳህኑ በላይ በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ይንሳፈፋል። ሄዱ ሳህኑን መቧጨር ከጀመረ ዲስኩ በበራ ቁጥር የሚጠፋው ይጨምራል። ስለዚህ የታመመ ዲስክ የቀረው ዕድሜ ውስን ነው ብላችሁ አስቡ። ያንን ዕድሜ በምን ታጠፉታላችሁ? ብዙ ልጆች በቼክዲስክ፣ ማለት ዊንዶውስ ውስጥ ባለው የዲስክ መፈተሻና መጠገኛ፣ ያጠፉታል። ቼክዲስክ መጥፎ ነገር አይደለም። ግን በሙሉ ፍተሻ ስታስነሱት ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነባል፣ የፋይል ሥርዓቱንም ይነካካል። እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ ሌሊቱን ሙሉ አስነስቶ መተኛት ማለት ሊተርፍ የሚችለውን ፋይል ራሳችሁ መጨረስ ነው። «ዲስኩን ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉ» የሚል መልእክት ከመጣም እሺ አትበሉ። ሰርዙትና ውጡ።

ግን ሁሉም ምልክት የዲስክ ሞት አይደለም፤ ቶሎ አታርዱ። ኤክስተርናል ዲስክ ቀጭ ቀጭ ሲል መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ። ከዴስክቶፑ ፊት ሳይሆን ከኋላው ሰኩት፤ ኃይል ሲያንሰውም እንዲሁ ይጮኻል። ያኔም ካልተወ ወዲያው ንቀሉት። ደጋግሞ መሞከር የለም። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው የመጣ ፍላሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቫይረስ ሥራ ነው። ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ስንቱ ፍላሽ በከንቱ ፎርማት ተደረገ!

ዲስኩ የማይጮህ ከሆነ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን የዲስክ ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም ክፈቱ። ነፃ ነው። ሦስት መስመር እዩ፦ 05፣ ሲ5 (C5) እና ሲ6 (C6)። 05 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል። ሲ5 ለማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁትን ያሳያል፤ ሲ6 ደግሞ በፍተሻ ሊነበቡ ያልቻሉትን። የፕሮግራሙ ቅንብር ካልተቀየረ ቁጥሩን የሚጽፈው በሄክስ፣ ማለት በ16 እየቆጠረ ነው፤ 10 ስታዩ 16 ማለት መሆኑን አትርሱ። ዳታ ሲተላለፍ የሚፈጠረውን ስህተት የሚቆጥረው ሲ7 (C7) ብቻውን እየጨመረ ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ ግን ዲስኩን ተዉትና የዳታ ኬብሉን ቀይሩ።

ሰማያዊው «ጥሩ» የሚለው ምልክትም አያዘናጋችሁ። ጉግል በ2007 እ.ኤ.አ. ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን ያየ ጥናት አውጥቶ ነበር። ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዲስክ ስለ ጤናው ከሚመዘግባቸው ምልክቶች በዋና ዋናዎቹ አራቱ ላይ ምንም አላሳዩም። ቁጥሩ መጥፎ ሲሆን እመኑት፤ ጥሩ ሲሆን ግን በግማሽ ልብ።

አሁን ወደ ማውጣቱ። ዲስኩ ገና ደህና የሚያነብ ከሆነ ሰውየው ከሁሉ በላይ የሚፈልገውን ቅዱ፤ ፊልምና ዘፈን ይቆይ። ኮፒው መሃል ላይ የሚደርቅ ከሆነ ዊንዶውስን ተዉት። በሊኑክስ ላይቭ ፍላሽ (ሳይጫን ከፍላሹ ላይ በሚነሳ ሊኑክስ) አስነሱና ዲዲረስኪው በሚባለው ፕሮግራም ሙሉውን ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ገልብጡ። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይወስዳል፣ ወደ አስቸጋሪው በኋላ ይመለሳል። የደረሰበትንም ማፕ ፋይል ላይ ይመዘግባል። መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው። ማፕ ፋይሉን ግን ላይቩ ላይ አታስቀምጡት፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መቀበያው ዲስክ ከታመመው አይነስ። የትኛው ምንጭ፣ የትኛው መቀበያ እንደሆነ ደግሞ ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት ሁለቴ አንብቡ። ከተገላበጠ ባዶውን በሙሉው ላይ ጻፋችሁ።

ዲስኩ ከተንቋቋ ወይም ጭራሽ ካልተነሳ አትክፈቱት። ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት የሚሏችሁንም አትስሙ፤ ሲወጣ እርጥበት ይይዛል። ከአቧራ በጸዳ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ያስፈልገዋል፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ይህን ለደንበኛው በግልጽ ንገሩትና እሱ ይወስን። የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ኤስኤስዲ ሌላ ጣጣ አለው። አይጮህም፤ ትናንት ሠርቶ ዛሬ ላይታይ ይችላል። የተሰረዘ ፋይል የነበረበትን ቦታ የሚያስጠርገው ትሪም የተባለው አሠራር ስላለም የተሰረዘ ፋይል ከእሱ ላይ መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም።

የሰው ፎቶ ስትገለብጡ አትክፈቱ። ወጥቶ እንደሆነ ለማየት አንድ ሁለት ፋይል፣ እሱም ባለቤቱ ፊት። ተረክቦ አይቶ «አዎ፣ ሁሉም አለ» እስኪል ድረስ ቅጂውን አታጥፉ።

አሮጌው ዲስክስ? ሙሉ ፎርማት ስታደርጉት ሲ5 ወደ ዜሮ ሊመለስና የዳነ ሊመስል ይችላል። እንዲህ «የዳነ» ዲስክ ነው እየተወለወለ ለሌላ ሰው የሚሸጠው። እናንተ አትሽጡት። ያገለገለ ዲስክ ስትገዙም 05ን እና የሠራበትን ሰዓት የሚያሳየውን 09ን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።